ኃላፊ ማለት አላፊ ነው

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ከተማሪ ደብተር የወጣ ነው። ነገሩ ግን የቤተ መንግሥቱንም፣ የቀበሌውንም፣ የመስጂዱንም በር የሚያንኳኳ ነው። የእኔንም በር አንኳኩቷልና የራሴን ጉድለት ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ለቅሶ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሄድኩ። የሞቱት ሰው የአባቴ የረጅም ዘመን ባልንጀራ የነበሩ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለ ገጠር የሚኖሩ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው። እኛ ልጆች በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም፤ «አያ» ነበር የምንላቸው። አባቴ ቡሬ ላይ ሱቅ ነበረው። በርበሬ ከገበሬው ይገዛል፣ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣል። አያ ደግሞ በየገበያው ቀን አህያቸውን ጭነው መጥተው መጀመሪያ የሚያርፉት እኛ ደጃፍ ነበር። የሁለቱ ወዳጅነት በሃይማኖት ልዩነት አንድም ቀን ሲሻክር አላየሁም።

ለለቅሶው ዋዜማ ያደርኩት ፍኖተ ሰላም፣ እህቴ ቤት ነው። ወቅቱ በርበሬ የሚሰጣበት ስለነበር ግቢው ሁሉ ቀልቷል፤ አላፊ አግዳሚው ያስነጥሳል። ከመግሪብ ሰላት በኋላ የእህቴ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የነበረችው፣ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ 'ኢንከምበንት' የሚለው በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ።

«በሥልጣን ላይ ያለ ሰው» አልኳት።

«እሱማ ማብራሪያ ነው እንጂ ቃል አይደለም። አንድ ቃል ይስጡኝ።»

አሰብኩ፤ ላገኝ አልቻልኩም። «ሹም» ልላት ፈለግሁና ተውኩት። «ባለወንበር» ብላት ሳቀች። በመጨረሻ «ኃላፊ በይው» አልኳትና ወደ መኝታዬ ሄድኩ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። አፌ ላይ የመጣልኝ ቃል ራሴኑ መልሶ ጠየቀኝ።

ቃሉ ምን ይላል?

እስቲ መጀመሪያ የፈረንጁን ቃል እንመልከት። ሥሩ ከላቲን የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቹ በአንድ ነገር ላይ መደገፍ፣ መጋደም፣ ክብደትን መጣል ማለት ነው። እንግሊዞች ቃሉን ቀደም ሲል ይጠቀሙበት የነበረው ደብር ተሰጥቶት ከዚያው ለሚተዳደር ካህን ነበር። በኋላ ለማንኛውም ሥልጣን ለያዘ ሰው ሆነ። ዛሬ በምርጫ ወሬ ውስጥ ቃሉ ሲነሳ ወንበሩን ይዞ ለዚያው ወንበር የሚወዳደረውን ሰው ያመለክታል። ይህ ሰው ከተፎካካሪው ይልቅ የሚታወቅ ነው። መኪናውም፣ ሬዲዮኑም፣ ማኅተሙም በእጁ ነው። ሳይሮጥ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ነገር ግን ይኸው ቃል ሁለተኛ አጠቃቀም አለው። አንድ ግዴታ በሰው ጫንቃ ላይ ሲወድቅ እንግሊዝኛው ያንኑ ቃል ይጠቀማል። ይህም እኛ «ዋጂብ» ከምንለው ጋር ይገጥማል። የሚገርመው በዐረብኛም የዋጂብ ሥር መውደቅ የሚል ፍች አለው፤ በሱረቱል ሐጅ (22፡36) የታረደው ግመል ጎኑ መሬት ሲነካ የተገለጸው በዚሁ ሥር ነው። በአማርኛችንም «ኃላፊነት ወደቀበት» እንላለን። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዱ ቃል ሁለት ነገር ይዟል። ሰውየው በወንበሩ ላይ ተጋድሟል፤ ግዴታው ደግሞ በሰውየው ላይ ተጋድሟል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ብቻ አይተን ሁለተኛውን እንረሳለን።

ወደ ራሳችን ቃላት እንመለስ። «ሹም» ከግዕዙ «ሤመ» የመጣ ነው፤ አስቀመጠ፣ ሾመ ማለት ነው። ስለዚህ ሹም ማለት የተቀመጠ ሳይሆን ሌላ ያስቀመጠው ሰው ማለት ነው። ያስቀመጠው ያነሳዋል። በገጠሩ «ምስለኔ» የሚባል ሹም ነበር፤ ትርጉሙ እንደ እኔ የሆነ፣ የእኔ ምትክ ማለት ነው። ምትክነቱን የረሳ ምስለኔ ግን ስንቱን ገበሬ አስለቅሷል!

ከሁሉ የሚበልጠው «ኃላፊ» የሚለው ነው። ሥሩ «ኀለፈ» ነው። መሥሪያ ቤት የሚመራውን ሰው ኃላፊ እንላለን። ዓለም አይዘልቅም ለማለትም «ኃላፊ ጠፊ» እንላለን። አፍ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በዐረብኛ ደግሞ የዚህ ሥር ዘመድ «ኸለፈ» ነው፤ «ኸሊፋ» ከዚያ ይወጣል፤ ከሌላው በኋላ የመጣ፣ የተተካ ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ (2፡30) ሰውን በምድር ላይ ኸሊፋ እንደሚያደርግ ለመላእክት ማስታወቁን እናውቃለን። እኛ «ኃላፊ» ስንል የሚያልፍ ነው፤ ዐረቡ «ኸሊፋ» ሲል ካለፈ በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱን ብታጋጥሟቸው ሹመት ማለት ከአንድ አላፊ በኋላ መጥቶ ራስም ማለፍ ማለት ሆኖ ይገኛል።

የአያ ወንበር

አያ በአንድ ወቅት ባለወንበር ነበሩ። ታሪካቸው እንዲህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ በየቦታው የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። አያ ፊደል ከቆጠሩት ጥቂት የአካባቢው ገበሬዎች አንዱ ስለነበሩ «አንተ ታነባለህ» ተብለው የማኅበሩ ሊቀመንበር ተደረጉ። ሁለት ዓመት ሠሩ። ከዚያ በሌላ ተተኩና ወደ ሞፈራቸው ተመለሱ።

ለአባቴ ሲያጫውቱት በልጅነቴ የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ሊቀመንበር በሆኑ በሳምንቱ ዶሮ መጣላቸው። ከዚያ ቅቤ፣ ማር፣ አንድ ቁምጣ በርበሬ። «ሰዉ እንዲህ ይወደኝ ኖሯል እንዴ? ብዬ ደስ አለኝ» አሉ አያ። በተሻሩ በሳምንቱ ግን የሚመጣ ጠፋ። ጎረቤታቸው ዶሮ ይዞ በደጃቸው አልፎ ወደ አዲሱ ሊቀመንበር ቤት ሲሄድ አዩ። «ያን ጊዜ ገባኝ» አሉ፤ «ዶሮዋ ለወንበሩ ነበር የመጣችው። እኔ የወንበሩን ዶሮ ነው የበላሁት።»

አባቴ ይህን ሲሰማ የጀበና ቡናውን አስቀምጦ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ኢብኑል ሉትቢያ ነገራቸው። ይህ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ነበር። ሲመለስ ያመጣውን ከሁለት ከፍሎ፣ ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ለምን አላየም ሲሉ በብርቱ ወቀሱ። ሐዲሡ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አያ አዳምጠው ሲጨርሱ «ነቢያችሁስ የገጠሩን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል» አሉ። አባቴ ይህን የአያን ቃል እስኪሞት ድረስ ይደጋግመው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። አያ ሐዲሡን ሳይሰሙ በገዛ ሕሊናቸው ወደዚያው ፍርድ ደርሰዋል። ጉቦና ስጦታን የምንለይበት ሚዛን ይህ ነው። ወንበሩ ከሥርህ ቢወጣ ያ ስጦታ ይመጣልህ ነበር ወይ? ካልመጣ የአንተ አይደለም።

«ቢሮክራት» የተባለው ስም

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከዓመታት በኋላ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተካሄደ። ጎጃም ውስጥ ይህን የማያስታውስ ገበሬ የለም። መሬቱ በገመድ ተለካ። በንጉሡ ዘመን ሥርዓት የነበሩት «ቅሪት ፊውዳል»፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበሩት ደግሞ «ቢሮክራት» ተባሉ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ሲፈቀድለት፣ ቢሮክራት የተባለው ከአንድ ሄክታር፣ በአካባቢው አጠራር ከአራት ጥማድ፣ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። የጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ነበር።

አያም ቢሮክራት ተባሉ። ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ስለተቀመጡ! በዚያን ጊዜ እኔ ቡሬ ነበርኩ። አያ ሱቃችን መጥተው ጨው መያዣው ላይ ቁጭ አሉ። «ቢሮክራት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «በቢሮ የሚሠራ» አልኳቸው። «እኔ ቢሮ ገብቼ አላውቅም፤ ስብሰባችን ሾላ ሥር ነበር» አሉ። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

መሬት ለሌለው ወጣት መሬት መስጠት ፍትሕ አይደለም የሚል ሰው የለም። በድልድሉ መሬት አግኝተው ቤተሰብ የመሠረቱ አሉ፤ ይህንም መካድ አይገባም። የበደሉ ሹሞችም ነበሩ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የበደለውና ያልበደለው በአንድ ስም ሲጠራ፣ ሰው በሠራው ሳይሆን በተቀመጠበት ወንበር ሲፈረድበት፣ ያ ሚዛን ነውን? አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ አንዲት ነፍስ የሌላይቱን ሸክም እንደማትሸከም በበርካታ ቦታዎች አስገንዝቦናል። በየውመል ቂያማ የምንጠየቀው ተቀምጠህ ነበር ወይ ተብለን ሳይሆን ተቀምጠህ ምን ሠራህ ተብለን ነው።

ስለዚህ ስሕተቱ ሁለት ነው። አንዱ በወንበር ላይ ያለው ሰው ወንበሩን የራሱ አካል አድርጎ ማየቱ ነው። ሁለተኛው እኛ ሰዎች ከወንበሩ የወረደውን ሰው ከወንበሩ ነጥለን ማየት አለመቻላችን ነው። ሲሾም ዶሮ እንወስድለታለን፤ ሲሻር መሬቱን እንነጥቀዋለን። በሁለቱም ጊዜ ሰውየውን አላየነውም።

ጎጃም ያሳለፋቸው ሹሞች

አማርኛችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለው። ክፉ ያልኩት ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ የብዙ ሹሞች ሕግ ሆኖ ስለቆየ ነው። ተረቱን ልብ ብላችሁ ብታዩት ግን ሹሙ መሻሩን አስቀድሞ ያውቃል። አላፊነቱን ያውቃል፤ ከዚህ እውቀት ያተረፈው ግን መቻኮልን ብቻ ነው። ሙእሚን ደግሞ ከዚያው እውቀት መፍራትን ያተርፋል።

ጎጃም ብዙ ሹም አይታለች። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ ግብር በማብዛት ስማቸው ገንኖ ይነሳል። በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ተሻሩ። የአባታቸው አገር በሌላ እጅ ገባ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አመፀ። መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ፈራ። በወቅቱ ጠቅላይ ገዥ በነበሩት በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ላይም ያለውን ምሬት አሰማ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ ደጃዝማቹ ከጎጃም ተነሱና ወደ ከፋ ተዛወሩ። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሹም ይነሳል እንጂ ከሹመት አይወጣም፤ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ይዛወራል። ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የጀመሩት ከዚያች መንደር ነው። መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ነው ቢባልም የሹም ታሪክም ነው፤ ገበሬው የባላባቱን ትእዛዝ እምቢ ያለበት ታሪክ።

የእኛስ የሙስሊሞቹ ቦታ የት ነበር? በንጉሡ ዘመን በጎጃም አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውም። ኑሮው ንግድና ሽመና ነበር። ሹመትን ከውጭ ሆኖ የሚያይ እንጂ የሚጨብጥ አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ የወጣው ከዚያ ቁስል ነው። ከወንበር መራቃችን ግን ከወንበር በሽታ አላዳነንም። በ1968 ዓ.ም. የራሳችን መጅሊስ ተቋቋመ። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተነሳው ጥያቄ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ የመጅሊሱ ወንበር ነበር፤ ማን ላይ፣ በማን ምርጫ፣ እስከ መቼ የሚል። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. አመራሩ ተለወጠ፤ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ተለወጠ። አንዱን ወገን ለማወደስ ሌላውን ለመንቀፍ አልጻፍኩም። ወንበሩ በእኛም እጅ ሲገባ ያው ወንበር መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ሸሪዓ ምን ያዛል?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ኢስላም ሹመትን አማና ብሎ ይጠራዋል። በሱረቱን ኒሳእ (4፡58) አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ለባለቤቷ እንድናደርስና በሰዎች መካከል ስንፈርድ በፍትሕ እንድንፈርድ አዞናል። አማና ማለት የሌላ ሰው ንብረት በእጅህ ያለ ማለት ነው። የአማና ባለቤትነት በቆይታ ብዛት አይገኝም። የጎረቤትህን ላም ሃያ ዓመት ብትጠብቅለት ላሟ ያንተ አትሆንም።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ደካማ መሆናቸውን፣ ነገሩ አማና መሆኑን፣ በሐቁ ይዞ የሚገባውን ከተወጣ ሰው በስተቀር በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን ነገሯቸው። አቡ ዘር ማን ናቸው? ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ፣ በእውነተኛነታቸው የተመሰከረላቸው። እርሳቸው ደካማ ከተባሉ እኔና እናንተ ምን እንባል? ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ሰሙራም (ረ.ዐ.) ሹመትን እንዳይጠይቁ መከሯቸው፤ ጠይቀው ያገኙት እንደሆነ ለብቻቸው ይተዋሉ፤ ሳይጠይቁ ቢሰጣቸው ግን ይታገዙበታል።

«እንግዲያው ነቢዩሏህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምድሪቱን ግምጃ ቤት ጠይቀው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ጠይቀዋል። ነገር ግን የጠየቁት ረኃብ ሊገባ ሲል፣ ጠባቂነትና እውቀት እንዳላቸው አስታውቀው፣ ሕዝብ ለማዳን ነው። የወንበሩ ሸክም ከወንበሩ ክብር በልጦ በሚታይበት ሰዓት ጠየቁ። የእኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በጥጋብ ሰዓት ነው።

ስለ መውረድም ትምህርት አለን። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን (ረ.ዐ.) ከሠራዊት አዛዥነት ሲያነሷቸው፣ ያ ድል ተለይቶት የማያውቅ ጀግና አላመፀም፤ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ሥር ሆኖ መዋጋቱን ቀጠለ። ኻሊድ ወንበሩ ሲወሰድ ሰይፉ አልተወሰደም። ሥራው የአላህ ነበርና። ዑመር ራሳቸው ሹም ሲሾሙ ሀብቱን ያስመዘግቡ ነበር፤ ትርፍ ሲያገኙ ይጠይቁ፣ ይከፍሉም ነበር። በአገራችን የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ዑመር በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ልጃቸው ዐብደላህ ለኸሊፋነት እንዳይመረጥ አደረጉ። ሐሰን ኢብኑ ዐሊይ (ረ.ዐ.) በ41 ዓመተ ሂጅራ የሙስሊሞች ደም እንዳይፈስ ሲሉ ሥልጣኑን ለቀቁ። መልቀቃቸው አላሳነሳቸውም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድመው ያመሰገኑት ነገር ነበር።

በእኛ አገር በገዛ ፈቃድ ከወንበር መውረድ ብርቅ ነው። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ ማስገባታቸው ሲሰማ አብዛኛው ሰው ጆሮውን ማመን ያቃተው ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለርእሰ ብሔሩ ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ገደብ ሲያበጅ፣ ዋናው ሥልጣን ላለው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አላበጀም። ይህን ለሕግ አዋቂዎች ትቼ ወደ ራሴ ልመለስ።

የእኔ ወንበር

በዚያ ሌሊት ፍኖተ ሰላም ላይ እንቅልፍ የነሳኝ የአያ ሞት ብቻ አልነበረም። እኔም ባለወንበር ነበርኩ። በምኖርበት ሰፈር የመስጂድ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። የተመረጥኩት ለሁለት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ማንም በጉልበት አልያዘኝም፤ እኔም ማንንም አልከለከልኩም። ምርጫ ይደረግ ሲባል ግንባታው ይለቅ፣ ረመዳን ይለፍ፣ ሒሳቡ ይዘጋ እያልኩ አሳለፍኩት። «የሚተካኝ የለም» የሚለውን ቃል ከልቤ አምኜበት ነበር። ወጣቶች ሲያጉረመርሙ የፊትና ወሬ ነው ብዬ ዘጋሁባቸው። ሱብሓነላህ! ለሰባት ዓመት ያህል ተተኪ ያላፈራ ሰው «ተተኪ የለኝም» ሲል ራሱን እየከሰሰ እንደሆነ አልታየኝም።

በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ አዛውንት ስለ አያ ሲናገሩ፣ «እሱ በተሻረ ጊዜ የማኅበሩን ደብተርና ማኅተም ተሸክሞ በእግሩ ሄዶ ያስረከበ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያደረገ አላየሁም» አሉ። ቢሮክራት የተባሉት ሰው እኚህ ነበሩ። አንገቴን ደፋሁ።

ወዲያው ለቀቅሁ ብላችሁ ዋሸሁ። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ፈጀብኝ። ወንበር የሚለቀው ሰውየው ሲፈልግ አይደለም፤ ነፍሱ ስትሸነፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጀማዓው መረጠ። ቁልፉን፣ ደረሰኙንና ሒሳቡን ለአንድ ወጣት አስረከብኩ። ልጁ ሒሳቡን ሲያመሳክር ከደረሰኝ ያልገባ 4,000 ብር አገኘ። አንድ በጎ አድራጊ ለምንጣፍ ብሎ በእጄ የሰጠኝ ነው። በኪስ ማስታወሻዬ ጽፌው ወደ መዝገብ ሳላዛውር ረስቼዋለሁ። አልሰረቅሁም፤ አላህ ያውቃል። ነገር ግን በዚያው ወንበር ላይ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ያ ገንዘብ ከእኔ ጋር ቀብር ይወርድ ነበር። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይህችን እስቲ አብረን እንያት» ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን በፊት ያንን ልጅ የፊትና ሰው እለው ነበር። ገንዘቡን ከፈልኩ፤ እርሱንም አውፍ በለኝ አልኩት።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ወንበር የሌላውን ዓይን ከአንተ ላይ ይጋርዳል፤ የራስህንም ዓይን ይጋርዳል። ተተኪ ሲመጣ የሚያየው የአንተን ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ያመለጠህን ያነሳልሃል። እንግዲያው ተተኪ ጠላት ሳይሆን ከሒሳብ በፊት የሚመጣ ሒሳብ ነው፤ ከቂያማ በፊት የተላከልህ ራሕመት ነው።

ምክሬ

አንደኛ፣ ወንበር ያላችሁ፣ የመንግሥትም ይሁን የዕድር፣ የመስጂድም ይሁን የድርጅት፣ የመውረጃ ቀናችሁን ዛሬውኑ ጽፋችሁ ለአንድ እምነት የሚጣልበት ሰው ስጡ። ቀኑ ሲደርስ ያስታውሳችሁ።

ሁለተኛ፣ በወንበራችሁ ምክንያት የሚመጣውን ሁሉ በኢብኑል ሉትቢያ ሚዛን መዝኑት።

ሦስተኛ፣ የሚተካችሁን ሰው እያላችሁ አሠልጥኑ። ይህ ትሩፋት ሳይሆን የአማናው ክፍል ነው።

አራተኛ፣ እናንተ ወንበር የሌላችሁ፣ የተሻረን ሰው ጠይቁት። ሲሾም በሩን ያጨናነቃችሁ፣ ሲሻር ቡና ጠጡበት። የበደለ እንደሆነ በበደሉ ልክ በፍርድ ይጠየቅ፤ ያልበደለን ግን በወንበሩ ስም አትክሰሱት። የአያ ዓይነት ሰው በየአገሩ አለ።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያ መንገድ ስሙን የሚመስል ሰላም አላየም፤ እኔም እንደ ልቤ ሄጄ የአያን ልጆች መጠየቅ ተስኖኛል። ሰው ሁሉ ወንበር ይገባኛል በሚልበት አገር የሚረገጠው መሬቱ ነው፤ መሬቱ ላይ ደግሞ ገበሬው አለ።

የእህቴ ልጅ ያን ቃል በደብተሯ እንዴት እንደጻፈችው አልጠየቅኋትም። እኔ ግን ዛሬ ብትጠይቀኝ ያንኑ እላታለሁ፤ «ኃላፊ በይው፤ ሲጽፉትም ሲያነቡትም የሚያልፍ መሆኑን ያስታውሳል።»

ያ አላህ! ሥልጣንን ለፈለግኸው የምትሰጥ፣ ከፈለግኸው የምትነጥቅ አንተ ነህ። በእጃችን ያለውን አማና ለባለቤቱ የምናስረክብበትን ጉልበት ስጠን። የተበደሉትን ካሣቸው፤ ያጠፋነውን ይቅር በለን። ለአገራችን ሰላምን አውርድ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።